ውኃው ለማን ይጥራ?

ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያዝ የኖረ ሰው፣ ጡረታ ወጥቶ የሚታዘዝለት ባጣ ጊዜ፣ ወይ ወጥ ቤት ገብቶ ስለ ሽንኩርት አከታተፍ ከባለቤቱ ጋር ሙግት ይገጥማል፣ ወይ ጓሮ ወጥቶ አንድ ነገር ይቆፍራል። ጎረቤቴ ሻለቃ፣ ዕድሜና ጤና ይስጣቸውና፣ የቤታቸውን ሰላም ከሁሉ አስበልጠው ሁለተኛውን መንገድ ስለ መረጡ፣ ከሳሎናቸው መስኮት ፊት ለፊት፣ በአቮካዶው ዛፍና በጃካራንዳው መካከል፣ ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ጉድጓድ አስቆፍረው፣ በሲሚንቶ አስለስነው፣ የሲሚንቶው ኃይል ታጥቦ እስኪወጣ ድረስ ደጋግመው ሞልተው ደጋግመው ካስደፉ በኋላ፣ ስልሳ ወርቃማ ዓሣዎች ጨመሩበት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት በአዲስ አበባ ሠፈር 6,000 ሊትር ውኃ ለዓሣ ሲመደብ ያየ ጎረቤት ምን ምን እንዳለ መዘርዘር አያስፈልግም፤ ሻለቃው ግን ከጣራቸው አሸንዳ ያጠራቀሙት የክረምት ዝናብ መሆኑን እየማሉ ስላስረዱ፣ ቢምቢ ይራባብናል ብለው የፈሩትም ዓሣ የቢምቢን ዕጭ ለቅሞ እንደሚበላ በዓይናቸው ስላዩ፣ ሐሜቱ ብዙ ሳይሰነብት በረደ።

ሐሜቱ ሲበርድ ሙግቱ መጣ። በሜሪላንድ የሚኖረው የሻለቃው የበኩር ልጅ፣ አባቱ ኩሬ መቆፈራቸውን በሰማ ጊዜ ደስታው ወሰን አጥቶ፣ ለፋሲካ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ዘመድ እጅ አንድ ሻንጣ ሙሉ ዕቃ ላከላቸው፤ በውስጡም ፓምፕ፣ የማጣሪያ ሣጥን፣ አረንጓዴ ውኃን በጨረር የሚያነጣ የዩቪ መብራት፣ ደግሞም ስኪመር የሚሉት፣ በኩሬው ጠርዝ ተቀብሮ የውኃውን ገጽ እየሳበ ተንሳፋፊውን ሁሉ በቅርጫት የሚይዝ አፈ ሰፊ ሣጥን ነበረበት። ዘመዱ ጉምሩክ ላይ ምን እንደ ያዘ ተጠይቆ፣ «የዓሣ ማጣሪያ ነው» ብሎ ቢመልስ፣ ዓሣ ማጣራት ማለት ምን እንደ ሆነ እስኪያስረዳ ድረስ ከኋላው ያለው ሰልፍ እስከ በሩ ደረሰ ይባላል።

ሻለቃው ዕቃውን በረንዳ ላይ በደረደሩበት ዕለት ሠፈራችን በሁለት ጉባኤ ተከፈለ። ልጃቸው በስልክ፣ «አባዬ፣ ማጣሪያ የሌለው ኩሬ ረግረግ ነው፤ እዚህ ያለ ሰው ማጣሪያውን ሳይገጥም ዓሣ አይገዛም» እያለ አጥብቆ ሲናገር፣ የሻለቃው የነፍስ አባት ደግሞ፣ ተወልደው ያደጉት ዘጌ ነውና፣ ጭራቸውን ከግራ ወደ ቀኝ ወዝወዝ አድርገው፣ «ለመሆኑ ሻለቃ፣ ጣናን የሚያጣራው ማነው? እኛ በታንኳ ስንሻገር ዓሣው ከሥራችን ሲመላለስ አይተናል፤ ፓምፕ የሚባል ነገር ግን አላየንም። ፈጣሪ በዕለተ ሐሙስ ዓሣን ሲፈጥር ማጣሪያውን ረስቶ ነው እንዴ?» አሉ። ሻለቃው ልጃቸውንም የነፍስ አባታቸውንም ማስቀየም ስላልፈለጉ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «አንተ መጽሐፍ ስታገላብጥ የምትውል ሰው ነህ፤ እስቲ ፍረድ» ሲሉኝ፣ ዓሣ አስግሬም አርብቼም የማላውቀው ሰው በአንድ ቀትር የዓሣ ዳኛ ሆንሁ።

የአባን ጥያቄ በፈገግታ ብቻ ማለፍ አይገባም፤ በዓለም ካለው ዓሣ ከእጅግ ጥቂቱ በቀር ሁሉም ማጣሪያ ሳያይ ተወልዶ ማጣሪያ ሳያይ ይሞታልና። ዳሩ ግን ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የማያንስ፣ ግልገል ዓባይና ርብ፣ ጉማራና መገጭ የሚገቡበት፣ ዓባይም ተቀብሎ የሚወጣው ታላቅ ባሕር ነው፤ ቆሮሶውም አምባዛውም በዚያ ሁሉ ስፋት ውስጥ የዕለት ምግቡን ራሱ ፈልጎ፣ ያገኘ ዕለት በልቶ፣ ያጣ ዕለት ጾሞ ይኖራል። የሻለቃው ዓሣዎች ግን ጾም የሚባለውን ሥርዓት አያውቁትም። ጠዋት ሻለቃው ቡናቸውን ይዘው ሲወጡ አንድ እፍኝ፣ ቀትር ላይ ባለቤታቸው እትዬ ልብስ ሊያሰጡ ሲያልፉ አንድ እፍኝ፣ ማታ የልጅ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ደግሞ፣ ማን ማንን ያበልጣልና፣ በነፍስ ወከፍ አንድ አንድ እፍኝ ይበተንላቸዋል። ሰው ዓሣ ሲበላ ማየት የሚወድ ፍጡር ነው፤ ዓሣም ሰው በቀረበ ቁጥር አፉን መክፈት ፈጥኖ ይማራል፤ ሁለቱ በዚህ ነገር ከተስማሙ በኋላ የሚያስታርቃቸው ሦስተኛ ወገን አይገኝም።

አሁን ስለ ስኪመሩ ልናገር። ይህ ሣጥን አፉን በውኃው ገጽ ልክ ከፍቶ፣ ፓምፑ ከበስተኋላው ሲስብ ቀጭኑን የላይኛውን ውኃ እየዋጠ፣ የጃካራንዳውን ሐምራዊ አበባ፣ የአቮካዶውን ቅጠል፣ የጎዳናውን አቧራ፣ ከመኖው የወጣውን ቅባት፣ አንዳንዴም የልጅ ልጆቹን የወረቀት ጀልባ በቅርጫቱ ይሰበስባል። ግብሩ የሚነቀፍ አይደለም፤ ቅጠል ሰጥሞ ወለሉ ላይ ከበሰበሰ ዝቃጭ ይሆናል፣ ዝቃጩም ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ ያለውን አየር ይበላልና፣ ሳይሰጥም በፊት መያዙ ደግ ነው። ይሁን እንጂ ሥልጣኑ ከገጹ አይወርድም፤ በገጹም ላይ ቢሆን ውኃው ከአፉ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ይሻራል። በበጋ ፀሐይ ውኃው ጥቂት ጣት በተነነ ጊዜ የሻለቃው ስኪመር ውኃውን ትቶ ነፋስ ይውጥ ጀመር፤ በእኩለ ሌሊትም ከጓሮው የሚሰማውን የመንቋቋት ድምፅ እትዬ ሌባ መስሏቸው ዘበኛውን ቀሰቀሱት፣ ዘበኛው ውሻውን ቀሰቀሰው፣ ውሻው እኛን ቀሰቀሰን። ያን ሌሊት ፓምፑ ሳይቃጠል የተረፈው በእውቀት አይደለም፤ መብራት ስለ ሄደ ነው።

ክፉው ነገር ግን ከገጹ ላይ አይገኝም። ዓሣ የሚተነፍስበትም፣ የሚበላበትም፣ የሚጸዳዳበትም ውኃ አንድ ነው፤ ሰው ከሽንቱ ጋር የሚያስወጣውን እድፍ እርሱ ከሁሉ ይልቅ በስንጥቡ በኩል በአሞኒያ መልክ ወደ ውኃው ይለቀዋል። ገንቢነቱ የበረታ የዓሣ መኖ 1 ኪሎ ሲበላ ወደ 30 ግራም የሚጠጋ አሞኒያ ይወጣዋልና፣ የሻለቃው ቤት በቀን 100 ግራም ቢበትን በየቀኑ 3 ግራም መርዝ በ6,000 ሊትር ውኃ ውስጥ ይሟሟል ማለት ነው፤ ይኸውም ለእያንዳንዱ ሊትር ግማሽ ሚሊግራም ነው። ቁጥሩ ሲሰሙት ያስቃል፤ በሳምንት ሰባት ጊዜ ሲደመር ግን ዓሣውን አያስቀውም፤ ሲሚንቶው ገና አዲስ በሆነበት፣ ውኃው ወደ አልካሊነት ባዘነበለበት ኩሬማ መርዝነቱ ይብሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ደግሞ ውኃው ጥርት ብሎ፣ ወለሉ ወለል ብሎ እየታየ፣ ባለቤቱ ወዳጆቹን ጠርቶ የሚኮራበት ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ እንደ ጎመን የለመለመ ውኃ ዓሣውን ተመችቶት የሚያድርበት ጊዜ ብዙ ነው። የውኃ ጥራትና የውኃ ደኅንነት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሻለቃው ከኔ አፍ ሲሰሙ፣ በወታደር ቤት ቦት ጫማው የሚያበራ ሁሉ ጎበዝ ተኳሽ እንዳልነበረ አስታውሰው ነገሩን ወዲያው ተረዱት።

ታዲያ በጣናም ሆነ በሌላው ተፈጥሯዊ ውኃ ይህን መርዝ የሚያስወግደው ማነው ቢሉ፣ ዓይን የማያያቸው ረቂቃን ፍጥረታት ናቸው። ሩሲያዊው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በ1890 በፈረንጆች አቆጣጠር ገደማ በዙሪክ ሳለ መርምሮ እንዳስረዳው፣ አንደኛው የባክቴሪያ ነገድ አሞኒያውን ተቀብሎ ናይትራይት ያደርገዋል፤ ይህም ራሱ የዓሣውን ደም የሚያጠቁር መርዝ ነው፤ ሁለተኛው ነገድ ደግሞ ያን ተረክቦ ናይትሬት ወደሚባል፣ ለዓሣ እምብዛም ወደማያሰጋና ዕፀዋት ወደሚመገቡት ነገር ይለውጠዋል። እነዚህ ረቂቃን በድንጋዩ ላይ፣ በግድግዳው ላይ፣ በቅጠሉ ግንድ ላይ፣ ባገኙት ገጽ ሁሉ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ። ልጁ ከአሜሪካ የላከው የማጣሪያ ሣጥን እንግዲህ፣ ስፖንጁና ሽንቁር የበዛበት ፕላስቲኩ ሁሉ ተቆጥሮ፣ ለእነርሱ የተሠራ ኮንዶሚኒየም ነው፤ በጠባብ መሬት ላይ ብዙ ነዋሪ ማስፈር ሲያስፈልግ ወደ ላይ ከመገንባት በቀር ምን ማድረግ ይቻላል? ነዋሪዎቹ ግን ቁልፍ በተረከቡ ማግሥት አይገቡም፤ ተራብተው ቤቱን እስኪሞሉ ድረስ አንድ ወርና ከዚያም በላይ ይፈጃሉ፤ ስለዚህም ማጣሪያውን ቅዳሜ ገጥሞ እሑድ ስልሳ ዓሣ የሚለቅ ሰው፣ ማጣሪያ አለኝ ብሎ ራሱን ያታልላል። አባ ይህን ሲሰሙ አልተሸነፉም፤ በጸሎተ ሃይማኖት ስለማይታየው ፍጥረት አስቀድሞ የተነገረ መሆኑን አመልክተው፣ «ሩሲያዊው ዘግይቶ ነው የደረሰበት» አሉ።

ሌላው ነገር አየር ነው፤ እዚህ ላይ የኛ ከተማ ከሌላው ይለያል። ሻለቃው በማለዳ ወደ ኩሬያቸው ሲወጡ ዓሣዎቹ ሁሉ አፋቸውን ከውኃው በላይ ከፍተው ሲያገኟቸው፣ እጅ ሊነሡኝ ነው ብለው ልባቸው ይሞላ ነበር። እኔ ግን ነገሩን በአንድምታ ፈታሁት፦ አንድም ርቧቸው ነው፣ ትናንት ማታ ግን አራት እፍኝ በልተዋል፤ አንድም ባለቤታቸውን ናፍቀው ነው፣ ዓሣ ግን በናፍቆት አይታማም፤ አንድም አየር አጥተው ነው። የመጨረሻው ትርጓሜ ይጸናል። ዕፀዋቱና አረንጓዴው አልጌ በቀን ኦክስጅን እየሰጡ በሌሊት መልሰው ስለሚወስዱ፣ ውኃው አየር ከምንጊዜውም ይልቅ የሚያጣው ጎሕ ሲቀድ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ሙቀቱ 20 ዲግሪ የሆነ ውኃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ በእኛ በ2,400 ሜትር ከፍታ ግን የነፋሱ ክብደት ስለሚቀንስ 7 ሚሊግራም አይሞላም። አምባዛ ቢሆን ኖሮ ብቅ ብሎ ከነፋሱ እየሳበ ያዘግም ነበር፣ ለዚያ የሚሆን አካል ተሰጥቶታልና፤ ወርቃማው ዓሣ ግን ይህ ጸጋ የለውም። ስለዚህ ከሻንጣው ከወጡት ዕቃዎች ሁሉ እኔ ወንበር ስቤ የማስቀምጠው ፓምፑን ነው፤ ውኃውን ጥቂት ከፍ አድርጎ በድንጋይ ላይ የሚያፈስስ ትንሽ ፓምፕ፣ ሌላ ምንም ባይሠራ፣ የአዲስ አበባን ስስ አየር ከውኃው ጋር ያዋሕዳል።

ፓምፕ ስል ግን አንባቢዬ ወዲያው የሚጠይቀኝን አውቃለሁ። መብራት ሲሄድስ? ይህ የሙግቱ ራስ ነው። መብራት በሄደ ጊዜ በማጣሪያው ሣጥን ውስጥ ያሉት ረቂቃን የሚፈስስላቸውን አየር አጥተው በሰዓታት ውስጥ መታፈን ይጀምራሉ፤ ሌሊቱን አድሮ መብራት ሲመጣ ፓምፑ በሣጥኑ ውስጥ ጠቁሮና ከርፍቶ ያደረውን ውኃ ሰብስቦ ወደ ኩሬው ይደፋዋል። በሜሪላንድ ልጁ የሚያስበው ማጣሪያ የሚሠራ ማጣሪያ ነው፤ አባቱ የሚኖሩት ደግሞ ማጣሪያው አንዳንድ ሌሊት በሚያርፍበት አገር ነው። ማጣሪያ ሰው ኩሬው ራሱ ከሚሸከመው በላይ ዓሣ እንዲያጉር ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ፈቃዱ በተሰረዘበት ሌሊት ግን ትርፎቹ ዓሣዎች እዚያው ናቸው፣ የሚሄዱበት የላቸውም። በጥቂት ዓሣ የተያዘ ኩሬ መብራት መሄዱንም ሳያውቅ ያድራል። ሻለቃው መፍትሔው ጄኔሬተር መግዛት ነው ብለው ተነሥተው ነበር፤ እትዬ ግን በቤቱ ውስጥ ያለው ፍሪጅ ጄኔሬተር ሳያገኝ ዓሣ ጄኔሬተር አያገኝም ብለው ፈረዱ፤ ይግባኝም አልተጠየቀበትም።

ሰው እንግዲህ ይህን ሁሉ መሣሪያ የሚገጥመው ለማን ነው? በዓለም ሁሉ የታወቀውን የጌጥ ዓሣ፣ ኮይን ያወጡት በጃፓን በኒጋታ አውራጃ በያማኮሺ ተራሮች የሚኖሩ ሩዝ አራሾች ናቸው፤ ለምግብ ከሚያረቡት ካርፕ መካከል ቀለም ያለበት ሲወለድ እየመረጡ አርብተው፣ በ1914 በፈረንጆች አቆጣጠር በቶኪዮ በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን አቅርበውት ከዚያ ወዲህ ዝናው ወጣ። እነዚህ አርቢዎች እስከ ዛሬ ድረስ የከበረውን ዓሣቸውን በበጋው ወራት የሚያሳድጉት በተራራው ወገብ ላይ በተቆፈረ የጭቃ ኩሬ ውስጥ ነው፤ ስኪመር የለም፣ ጨረር የለም፣ ውኃው ድፍርስ ስለ ሆነ ዓሣው እንኳ አይታይም። ክረምት ሲገባ ግን አውጥተው ማጣሪያ በተገጠመለት የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ያስገቡታል፤ ገዢ የሚመጣው እዚያ ነው። ዓሣው ዋጋ የሚያወጣውን ሰውነት የገነባው በጭቃው ውስጥ፣ ዋጋው የተቆረጠለት በጠራው ውኃ ውስጥ መሆኑን ላስተዋለ ሰው፣ ጥርት ያለ ውኃ የተመልካች ምቾት እንደ ሆነ ሌላ ማስረጃ አያሻውም። ለዓይን ምቾት ገንዘብ ማውጣት ኃጢአት አይደለም፤ እኔም ግድግዳዬን ቀለም አስቀባለሁ፤ ነገር ግን ለግድግዳው ደኅንነት ነው ብዬ አልምልም።

ይህ የዓይን ነገር የቆየ ደዌ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጨረሻው ምእት ዓመት የሮማ ባለጸጎች በባሕር ዳር ርስታቸው ላይ ኩሬ ማሠራት ፈሊጥ ባደረጉበት ዘመን፣ ሉኩሉስ የተባለው ጄኔራል የባሕር ውኃ ወደ ኩሬዎቹ እንዲገባለት ተራራ አስቀድዷል፤ አንደበተ ርቱዑ ሆርቴንሲዩስም የሚወደው ዓሣ በሞተ ጊዜ አለቀሰ ተብሎ ተጽፎለታል። በዚያው ዘመን የነበረው ሊቅ ቫሮ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ የእንዲህ ያሉ ሰዎች ኩሬ ከከረጢት ይልቅ ለዓይን የሚስማማ መሆኑን አመልክቷል፤ ሲሴሮም በደብዳቤዎቹ ውስጥ እነዚህን ሰዎች ባለኩሬዎች እያለ ሲያሽሟጥጥባቸው ይገኛል፤ አገር ሲናወጥ እነርሱ ስለ ዓሣቸው ያስባሉ ብሎ። ይህን ታሪክ ለሻለቃው ባጫወትኋቸው ጊዜ ለማፈር ፈንታ ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ «ጄኔራሉ ተራራ ቀደደ አልህ? ታዲያ እኔ ሦስት ሜትር ብቆፍር ምን ይደንቃል!» አሉኝ።

ከመሣሪያ ይልቅ በተክል የሚያምኑም አሉ፤ እኔም ከእነርሱ ወገን ነኝ፣ በአንድ ነገር ካልተለየሁ በቀር። በኩሬው ጥግ በጠጠር የተሞላ ጥልቀት የሌለው ገንዳ ሠርቶ፣ ቄጤማና ደንገል ተክሎ፣ ፓምፑ የሚያወጣውን ውኃ በዚያ መካከል አልፎ እንዲመለስ ማድረግ፣ ለረቂቃኑ ማደሪያ፣ ለናይትሬቱም በሊታ ማዘጋጀት ነው፤ ቅጠሉን አጭዶ ማውጣት ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ለፋሲካም ቄጤማ ከገበያ አይገዛም። የምለይበት ነገር እምቦጭ ነው። አንድ ብልሕ ጎረቤት፣ ፈጥኖ የሚያድግ፣ ውኃ የሚያጠራ፣ አበባውም ያማረ ተክል ነው ብሎ ከአንድ ግድብ ዳር ይዞ ሊመጣ ሲነሣ፣ አባ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቆሙ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ይህ አረም ከ2011 በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ ጣናን ምን እንዳደረገው፣ ታንኳ መቅዘፊያ፣ መረብ መጣያ እንዴት እንዳሳጣ ያዩ ሰው ናቸውና፣ «ይህ ነገር በዚህ ደጅ ከገባ እኔ በዚህ ደጅ አልገባም» ሲሉ ያ ጉባኤ ያለ ድምፅ ቆጠራ ተዘጋ።

የኔ ፍርድ እንግዲህ ይህ ነበር። ዓሣው ከስልሳ ወደ ሃያ ይውረድ፤ መኖው በቀን አንድ ጊዜ፣ ዓሣዎቹ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጨርሰው የሚልሱትን ያህል ብቻ ይበተን፤ በየሳምንቱ ከውኃው ጥቂቱ ለአትክልቱ ተቀድቶ በምትኩ አዲስ ይግባ፤ የቧንቧ ውኃ ከሆነ ግን ክሎሪኑ እስኪበንን በሮቶው ውስጥ ክፍቱን ይደር፤ ፓምፑ ይሥራ፤ ማጣሪያው መብራት ባለ ጊዜ ይርዳ፣ በሌለ ጊዜ ግን ኩሬው በእርሱ ላይ አይንጠልጠል። የዩቪ መብራቱን ልጁ ለእረፍት የሚመጣ ጊዜ ለክብሩ ያብሩለት። ስኪመሩን በተመለከተ፣ ዘበኛው ከአሮጌ አጎበር መረብ ሰፍቶ በባሕር ዛፍ አጠና ጫፍ አስሮ፣ በጠዋትና በማታ የኩሬውን ገጽ ሲያስስ አይቼዋለሁ፤ ነዳጅም መብራትም አይፈልግም፣ የውኃው መጠን ቢጎድል አይንቋቋም፣ ዓሣ ሊነጥቅ አጥር ላይ የሚያርፈውንም ሽመላ በዚያው አጠና ያባርራል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርግ ስኪመር በየትም ፋብሪካ አልተሠራም። የጃካራንዳው አበባ የሚረግፍበት ወር ሲመጣና የዘበኛው ክንድ ሲዝል ያን ጊዜ ሣጥኑ ተራውን ይውሰድ።

ፍርዱን ሁሉም ተቀበሉት፣ ከመጀመሪያው አንቀጽ በቀር። አርባው ዓሣ ወዴት ይሂድ? አባ፣ ዓሣ የተፈጠረለትን ጉዳይ መጥበሻው ያውቃል ብለው ነገሩን ሊያሳጥሩት ቢሞክሩ፣ እትዬ ስም ያወጡለትን ፍጡር እንደማይጠብሱ ተናገሩ፤ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ክርክርም ሳይነሣ ቀረ። ወደ ወንዝ ይለቀቅ የሚለውን ሐሳብ እኔው አከሸፍሁት፤ ባዕድ ዓሣ በወንዝ ውስጥ መልቀቅ ከእምቦጭ ታሪክ ብዙም አይርቅምና። እንዲህ እየተባባልን ሳለ በልግ ገባ፣ ፀሐዩም ውኃውን አሞቀው፤ ዓሣዎቹም ስለ ቁጥራቸው የተፈረደውን ያልሰሙ ስለ ሆኑ፣ በአንድ ማለዳ ሲሯሯጡና ሲጋፉ ቆይተው እንቁላላቸውን በኩሬው ጥግ በተተከለው ቄጤማ ሥር ላይ ለጥፈው ዋሉ። እናትና አባት ከእንቁላሉ የሚበዛውን መልሰው ቢበሉትም፣ ጥቂት ቀን ቆይቶ በውኃው ዳር ከመርፌ የሚቀጥኑ፣ ወርቅነታቸው ገና ያልወጣ፣ ጥቋቁር ፍጥረታት ይርመሰመሱ ጀመር። የሻለቃው ልብ ራራ፤ ስኪመሩ ገጹን በሳበ ቁጥር እነዚህንም ከአበባው ጋር አብሮ ይውጣቸው ስለ ነበር፣ ጃካራንዳው ሐምራዊ ምንጣፉን በኩሬው ላይ እያነጠፈ ሳለ ሻለቃው ራሳቸው ሄደው ሶኬቱን ነቀሉት።

ጫጩቶቹ ጣት ባከሉ ጊዜ ሻለቃው ለየጎረቤቱ ማደል ጀመሩ። ለዳኛውም ድርሻው አልቀረበትም፤ ዘበኛው ባልዲ ሙሉ አምጥቶ ደጃፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ባለቤቴ ባልዲውን ለረጅም ጊዜ ቁልቁል ከተመለከተች በኋላ ቀና ብላ ጓሯችንን፣ በተለይም የጎመን መደቧን፣ ቀጥሎም እኔን አየች። እኔ ለመናገር አፌን ሳልከፍት ሻለቃው ከአጥሩ ወዲያ ሆነው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «አይዞህ፣ ቁፋሮውን ሰው እሰጥሃለሁ! ስኪመሩንም ውሰደው፣ ከነካርቶኑ አለ!» አሉኝ።